ተባይን ከመግደል ዕድገቱን መግታት
(በረሮንና የእህል ነፍሳትን ስለ መቆጣጠር)

ወድ ኤል ሒለው በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ ግዛት የሚገኝ የጠረፍ ወረዳ ነው። በእኛ አገር ተከዜ የምንለው፣ ሱዳናውያን ሰቲት የሚሉት ወንዝ በዚሁ አካባቢ ያልፋል። በአንድ በኩል የሑመራ ሜዳ፣ በሌላ በኩል የገዳሪፍ ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ይገኛል። የአካባቢው ሕዝብ ማሽላውን ዱራ ይለዋል፤ ኪስራና አሲዳም የሚዘጋጁት ከእርሱ ነው። ኢትዮጵያውያንም ይህን አገር በሥራና በስደት ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰድዷል። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሐምዳይት በኩል ድንበር ተሻግረው የገቡ ወገኖች ወደ ኡም ራኩባና ወደ ተነድባ መጠለያዎች ተወስደዋል።

በጠረፉም ሆነ በመጠለያው የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት ብዙ ጊዜ አንድ ጆንያ ማሽላ፣ ጥቂት ምስርና ዱቄት ነው። ጆንያው የሚቀመጠው ሰው በሚተኛበትና ምግብ በሚበስልበት ክፍል ውስጥ ነው። ነቀዝ ወደ ጆንያው፣ በረሮ ወደ ማጀቱ ሲገባ ብዙ ሰው እጁን የሚሰነዝረው ለሰሊጥ እርሻ ወደ መጣው መርዝ ወይም ለትልቅ መጋዘን ወደ ተሠራው ክኒን ነው። ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ምግቡን ለማዳን የገባው መርዝ የቤቱን ሰው ሊገድል ይችላልና።

በዚህ ጽሑፍ ነፍሳትን በቀጥታ በመመረዝ ፈንታ ዕድገታቸውንና መራባታቸውን የሚያሰናክሉ ውህዶች እንዴት እንደሚሠሩ እናያለን። የት እንደሚጠቅሙና የት እንደማይጠቅሙም ለይተን እናስረዳለን። ጉዳዩ የጤናም የሳይንስ ትምህርትም በመሆኑ ለመምህራንና ለተማሪዎች እኩል ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ነፍሳት እንዴት ያድጋሉ?

የነፍሳት አጥንት ከውጭ ነው። ሰውነታቸውን የሚሸፍነው ቅርፊት ካይቲን ከተባለ ጠንካራ ንጥረ ነገር የተሠራ ስለሆነ ከሰውነታቸው ጋር እየሰፋ አይሄድም። ስለዚህም አንድ ነፍሳ ለማደግ አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ አዲስ መልበስ ይኖርበታል። በማጀት ጥግ የምናገኘው ቀላልና ባዶ የበረሮ ቅርፊት የዚህ ለውጥ ቅሪት ነው።

አስተዳደጋቸው በሁለት ይከፈላል። በረሮ ከእንቁላል ሲወጣ ጀምሮ ትልቁን ይመስላል፤ የሚጎድለው ክንፍና የመራባት ችሎታ ብቻ ነው። ነቀዝ፣ የዱቄት ጢንዚዛና የእህል ብል ግን አራት ደረጃ ያልፋሉ። እነርሱም እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ (ፑፓ) እና ጉልምስ ናቸው። እጩ ትል መሰል ሆኖ ይበላል፤ ሙሽሬው ሳይበላ ይለወጣል፤ ጉልምሱ ይራባል።

ነፍሳው ቅርፊቱን በለወጠ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። ገና ልጅ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ይጎልምስ? መልሱን የሚሰጠው የልጅነት ሆርሞን የተባለው ነው። ሆርሞኑ በሰውነቱ ውስጥ በበቂ መጠን እያለ ነፍሳው ልጅ እንደ ሆነ ይቆያል። ጊዜው ሲደርስ ሆርሞኑ ይጠፋል፤ ነፍሳውም ይጎለምሳል። እንግዲህ ሆርሞኑ መጥፋት በሚገባው ሰዓት ከውጭ ቢጨመርበት የዕድገቱ ሥርዓት ይበላሻል ማለት ነው።

ሆርሞኑ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዛዊው ሊቅ ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ በደቡብ አሜሪካ በሚገኝ ደም መጣጭ ትኋን ላይ ባደረገው ምርምር፣ ከነፍሳው አንጎል በስተኋላ ያለች ትንሽ ዕጢ ጉልምስናን የሚያግድ ንጥረ ነገር እንደምታመነጭ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ካሮል ዊሊያምስ ንጥረ ነገሩን ከአንድ ትልቅ የሐር እሳት እራት አካል አወጣ። ይህ ሆርሞን ለነፍሳት ማጥፊያ ሊሆን እንደሚችል ያመለከተውም እርሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ለተማሪዎች ቢነገር በእጅጉ የሚያስደስት ታሪክ ነው። ካሬል ስላማ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ ተመራማሪ በፕራግ ያረባቸው የነበሩትን ቀይ ትኋኖች ይዞ ወደ ሃርቫርድ ሄደ። በአገሩ ያለ ችግር ይጎለምሱ የነበሩት ትኋኖች አሜሪካ ሲደርሱ መጎልመስ እምቢ አሉ። ከልክ በላይ የተለቁ ልጆች እየሆኑ ሞቱ። ምግቡ፣ ውኃው፣ ብርሃኑ ሁሉ ተመረመረ። በመጨረሻ ምክንያቱ ከትኋኖቹ በታች የተነጠፈው ወረቀት ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ጋዜጦች የታተሙበት ወረቀት ዕድገታቸውን ሲገታ፣ የእንግሊዝ ጋዜጣ ወረቀት ግን ምንም አላደረጋቸውም። የአሜሪካው ወረቀት በለሳም ፈር ከተባለ የጥድ ወገን ዛፍ የሚሠራ ሲሆን፣ በዛፉ ውስጥ የነፍሳውን የልጅነት ሆርሞን የሚመስል ንጥረ ነገር ነበረበት። ስላማና ዊሊያምስ ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች ሆርሞኑን የሚመስሉ፣ ነገር ግን ቶሎ የማይፈርሱ ውህዶችን ሠሩ። ሜቶፕሪን እ.ኤ.አ. በ1975፣ ለበረሮ የሚሆነው ሃይድሮፕሪን ደግሞ በ1984 በአሜሪካ ተመዝግበው ለአገልግሎት ዋሉ። ፓይሪፕሮክሲፌን የተባለውም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት ካይቲን እንዳይሠራ የሚከለክለው ነው። ዳይፍሉቤንዙሮን ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድስ የአረም ማጥፊያ ሲፈለግ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ነፍሳው አሮጌውን ቅርፊት ጥሎ አዲሱን ሲለብስ፣ አዲሱ ቅርፊት የረጋ ሳይሆን የሳሳ ይሆንበታል፤ ስለዚህ ይቀደድና ይሞታል።

ሰውም ሆነ ከብት የልጅነት ሆርሞን ወይም የካይቲን ቅርፊት የለውም። እነዚህ ውህዶች ለሰው ያላቸው አደጋ ከተለመዱት መርዞች እጅግ ያነሰ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፓይሪፕሮክሲፌንን በመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ለትንኝ እጭ መከላከያነት፣ በአንድ ሊትር ውኃ ከ0.01 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ መጠቀም እንደሚቻል መፍቀዱ ይህን ያስረዳል። ይሁን እንጂ የውኃ ውስጥ ትናንሽ ፍጥረታትንና የንብ እጮችን ይጎዳሉ። ስለሆነም ዕቃው የታጠበበትን ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ መድፋት፣ በቀፎ አጠገብም መርጨት አይገባም።

በረሮን በሒሳብ ስንመለከተው

በማጀት የሚበዛው ትንሹ ቡናማ በረሮ ጀርመን በረሮ የተባለው ነው። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ከረጢቱን የምትጥለውም ልጆቹ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ነው። በሙቀት አገር ልጆቹ በሁለት ወር ገደማ ይጎለምሳሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በወረቀት ላይ እናስላው። ከአንድ ከረጢት 30 ልጆች ወጡ፣ ግማሾቹም ሴቶች ናቸው እንበል። እያንዳንዷ ሴት በዕድሜዋ አንድ ከረጢት ብቻ ብትጥል እንኳ አንዲቱ እናት 15 ሴቶች፣ እነርሱ 225፣ እነዚያም 3,375 ሴቶች ይተካሉ። አሁን ቁጥራቸው 225 ሲደርስ መርዝ ተረጭቶ ከመቶ 90ው ሞቱ እንበል። 22 ያህል ይቀራሉ። እነዚህ በአንድ ትውልድ 330 ሴቶችን ይተካሉ፤ ይህም ከመጀመሪያው ቁጥር ይበልጣል። ጠዋት ወለሉ ላይ የተረፈረፈው በድን ያስደሰተው ሰው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ በረሮው ተመልሶ ሲያይ የሚደነቀው ይህን ሒሳብ ስላላሰላ ነው። ከዚህም በላይ ጀርመን በረሮ በብዙ አገሮች የተለመዱትን የሚረጩ መርዞች መቋቋም ችሏል።

ዕድገት የሚገታው ውህድ ከሒሳቡ ውስጥ የሚነካው ሌላውን ቁጥር ነው። ከበረሮዎቹ የሚነካው የመራቢያ ብዛታቸውን ነው። ሃይድሮፕሪን በነካው ስፍራ ያደገ የበረሮ ልጅ ሲጎለምስ ክንፉ የተጣመመና መካን ይሆናል። በምሳሌያችን ከ15ቱ ሴቶች 14ቱ መካን ቢሆኑ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል፤ 15ቱም ቢሆኑ ዘሩ ያልቃል። ውህዱ በስንጥቅ ውስጥ ለወራት የሚቆይ ስለሆነ ቀጥሎ የሚያድገውንም ትውልድ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አስቀድሞ የጎለመሰው በረሮ በዚህ ውህድ አይሞትም፤ ዕድሜው እስኪያልቅ እንቁላል መጣሉን ይቀጥላል። ስለዚህም ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ብቻውን ስለማይበቃ ጉልምሶቹን የሚቀንስ ሌላ ዘዴ፣ ለምሳሌ ማጥመጃ ወይም የተመረዘ ምግብ፣ ከጽዳት ጋር ሊታከልበት ይገባል። ሦስተኛ፣ ሥራው የሚለካው በበድን ብዛት አይደለም፤ በየሳምንቱ በማጥመጃ የሚገኙት ልጆች እየቀነሱና ክንፈ ጠማማዎቹ እየበዙ በመሄዳቸው ነው።

በእህል ላይስ?

በጎተራ ጉዳይ የነፍሳቱን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። የዱቄት ጢንዚዛ እጭ በዱቄትና በተሰባበረ እህል መካከል በግልጽ እየተንቀሳቀሰ ይበላል። ውህዱ በቀላሉ ስለሚያገኘው ወደ ጉልምስና አይደርስም። በዱቄትና በደረቅ ፍራፍሬ ላይ ድር የሚያደሩት የብል እጮችም እንዲሁ ናቸው። ትንሿ እህል ሰርሳሪ ጢንዚዛ እንቁላሏን ከእህሉ ውጭ ስለምትጥል፣ የተፈለፈለው እጭ ወደ ፍሬው ከመግባቱ በፊት ውህዱን ይነካል። በአሜሪካና በአውስትራሊያ ሜቶፕሪን በተከማቸ እህል ላይ የሚውለው በተለይ ለእንዲህ ያሉት ነፍሳት ነው።

ነቀዝ ግን ሌላ ነው። እናቲቱ በረጅም አፍንጫዋ የማሽላውን ፍሬ ትበሳለች፤ እንቁላሏን በቀዳዳው ትጥላለች፤ ከዚያም አፉን ትደፍነዋለች። እጩ ተፈልፍሎ፣ በልቶ፣ ሙሽሬ ሆኖ እስኪጎለምስ ድረስ ከፍሬው አይወጣም። በፍሬው ቆዳ ላይ የተቀባ ውህድ ውስጥ ወዳለው እጭ በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ የማሽላ ዋና ጠላት በሆነው በነቀዝ ላይ እነዚህ ውህዶች እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ያወጣ ገበሬ እህሉንም ገንዘቡንም ያጣል።

ጤፍ ለምን አይነቅዝም ብሎ ተማሪ ቢጠይቅ መልሱ እዚሁ ላይ ነው። የጤፍ ፍሬ ለአንድ የነቀዝ እጭ ማደሪያም ምግብም ሊሆን የማይችል ትንሽ ነው። አንዳንድ ገበሬዎቻችን ጤፍን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡትም ትንሿ ፍሬ በትልልቆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልታ ነቀዙ እንደ ልቡ እንዳይመላለስ ስለምታደርገው ነው።

ካሮል ዊሊያምስ ነፍሳት የራሳቸውን ሆርሞን መቋቋም ይሳናቸዋል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ነገር ግን እንደታሰበው አልሆነም። ለምሳሌ በአውስትራሊያ ሜቶፕሪንን የሚቋቋም እህል ሰርሳሪ ጢንዚዛ ተገኝቷል። አንድን ውህድ ብቻ ደጋግሞ መጠቀም የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የማይገባው

በጆንያ ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ክኒን ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ለዓይን አይታይም፤ በጆንያ ቀዳዳና በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል፤ ለመመረዙም ማርከሻ መድኃኒት የለም። የተሠራው ታሽጎ ለሚዘጋ፣ ሰው ለማይኖርበት መጋዘንና ለሠለጠነ ባለሙያ ነው። ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ወይም ከመኝታ ክፍል ጋር በተያያዘ ጎተራ መጠቀም በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ለእርሻ የተሠራ መርዝም በእህል፣ በምጣድ፣ በመኝታም ሆነ በልጆች ፀጉር ላይ መዋል የለበትም። የመርዝ ጣሳና ጀሪካን ታጥቦ ለውኃ ወይም ለዘይት መያዣ አይሆንም። ዕድገት የሚገቱት ውህዶችም ቢሆኑ መለያ ወረቀት የሌላቸው፣ በሌላ ዕቃ ተቀድተው የሚሸጡ ከሆነ አይገዙ።

በእጃችን ያለው ዘዴ

አንድ ቤተ ሰብ እነዚህን ውህዶች ባያገኝ እንኳ ሐሳባቸውን ሊጠቀምበት ይችላል። ሐሳቡ የተባዩን የዕድገት ሰንሰለት ከአንድ ቀለበት ላይ መበጠስ ነው።

ሀ. አዲሱን እህል ከአሮጌው ጋር አለመቀላቀል። ባዶውን ጆንያ ገልብጦ ማራገፍ፣ በፈላ ውኃ ማጠብና በፀሐይ ማድረቅ፤ በስፌቱ ውስጥ የተደበቀ እንቁላልና እጭ ይሞታልና።

ለ. የገዳሪፍንና የወድ ኤል ሒለውን ፀሐይ መጠቀም። እህሉን በጥቁር ላስቲክ ላይ በስሱ አስጥቶ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኖ፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ አጥብቆ በቀትር ለሰዓታት ማቆየት። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲዘልቅ በፍሬው ውስጥ ያለው እጭ እንኳ ይሞታል። ለዘር የታሰበ እህል ግን እንዲህ ባይደረግ ይሻላል።

ሐ. አየር መከልከል። የሱዳን ገበሬ ዱራውን በመትሙራ፣ የሐረርጌና የኮንሶ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ የሚቀብረው በዚህ ጥበብ ነው። በታሸገ ስፍራ እህሉና ነፍሳቱ ኦክሲጂኑን ይጨርሱታል፤ ነፍሳቱም መብላትና መራባት ያቆማሉ። በአሁኑ ጊዜ ሁለት የውስጥ ላስቲክና አንድ የውጭ ጆንያ ያለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጥሩ መክደኛ ያለው ደረቅና ንጹሕ የምግብ ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ መድፈንም ለጥቂት እህል ይበቃል። እህሉ አስቀድሞ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ያለዚያ ይሻግታል።

መ. ለበረሮ ውኃና ፍርፋሪ አለማሳደር። ማታ ዕቃ ማጠብ፣ ወለሉን መጥረግ፣ ዱቄትን መክደን፣ የምድጃውንና የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መምረግ። በረሮ ያለ ምግብ ለብዙ ቀናት ሲቆይ ያለ ውኃ ግን ቶሎ ይዳከማል።

በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

የሳይንስ መምህራን ይህን ትምህርት ያለ ብዙ ወጪ ሊያሳዩት ይችላሉ። ሦስት እኩል ጠርሙሶችን ማዘጋጀት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ እስከ አፉ ድረስ ማሽላና 20 ሕያዋን ነቀዞች መጨመር። የመጀመሪያውን በስስ ጨርቅ መሸፈን። የሁለተኛውን አፍ ከድኖ በሻማ ሰም መድፈን። የሦስተኛውን ማሽላ ከነነቀዙ ከላይ በተገለጸው መንገድ በፀሐይ ካሞቁ በኋላ ወደ ጠርሙሱ መልሶ በጨርቅ መሸፈን። ከሁለት ወር በኋላ ተማሪዎች ሕያዋኑን ነቀዞችና የተበሱትን ፍሬዎች ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በሠንጠረዥ ያስፍሩ።

በሌላ ጠርሙስ የዱቄት ጢንዚዛዎችን በጥቂት ዱቄት አርብቶ በየሳምንቱ በወንፊት መንፋት ይቻላል። ተማሪዎቹ እጩን፣ ሙሽሬውንና ጉልምሱን ለይተው ይሣሉ። በሞቃት ክፍል አንድ ትውልድ በአንድ ወር ገደማ ይፈጸማል። ከዚያም የሚከተሉት ጥያቄዎች ለውይይት ይቅረቡ፦

1. የልጅነት ሆርሞን የሚመስል ውህድ ለየትኛው ደረጃ ቢሰጥ ውጤት አለው? ለየትኛውስ የለውም?
2. ውህዱ በዱቄት ጢንዚዛ ላይ ሠርቶ በነቀዝ ላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?
3. በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ማሽላ እስከ አፉ ባይሞላ የሁለተኛው ሙከራ ውጤት ምን ይሆን ነበር?

ሙከራው ሲያበቃ ነፍሳቱን በፈላ ውኃ መግደል ይገባል፤ ከትምህርት ቤት ወደ ጎተራ እንዳይሄዱ።

ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ወደየቤታቸው ሲሄዱ ይህ ትምህርት አብሯቸው መሄድ አለበት። በጠረፍ መንደርም ሆነ በመጠለያ፣ ከጆንያው አጠገብ የሚተኛው ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ነው። የነቀዝ ክኒን ከእርሱ ራስጌ እንዳይቀመጥ ለወላጆቹ ምክንያቱን አስረድቶ የሚናገር አንድ ተማሪ ካፈራን፣ ያ የትምህርት ሰዓት በከንቱ አልዋለም።